ቀዩ ብርሃን አያሸውድህ

ፒያሳ አካባቢ የጥርስ ክሊኒክ ማሽን የሚጠግን ወንድማችን ያጋጠመው እንዲህ ነው። ጥርስ የሚቆርጠው የኤርቢየም ሌዘሩ ፋይበር፣ ማለትም ጨረሩን የሚያስተላልፈው የመስታወት ክር፣ ተሰበረ። ከኩላሊት ጠጠር ሌዘር የተረፈ ፋይበር አገኘ፣ ኮኔክተሩም (መሰኪያው) ልክክ አለለት። ቀዩ ጠቋሚ ብርሃን ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ሌዘሩ ግን ጥርስ አይቆርጥም፣ ፋይበሩም መግቢያው ጋ ይግላል። "ኮኔክተሩን ልቀይረው?" ይላል።

ወንድሜ፣ ኮኔክተሩን ተወው። ችግሩ መስታወቱ ነው። የዋናው ጨረር የሞገድ ርዝመት 2.94 ማይክሮሜትር ነው፣ በዓይን አይታይም። የገጠምከው ፋይበር ሲሊካ ነው፣ ማለትም ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ መስታወት። ሲሊካ የኩላሊት ጠጠሩን ሌዘር፣ ማለትም 2.1 ማይክሮሜትሩን፣ በደንብ ያሳልፋል፤ የሞገድ ርዝመቱ ከዚያ ከፍ ሲል ግን ጨረሩን ራሱ ይውጠዋል፣ የሚግለውም ለዚህ ነው። ቀዩ ማለፉ ፋይበሩ አለመሰበሩን ብቻ ነው የሚነግርህ።

ነገሩ ያለው አተሞቹ ጋ ነው። ሲሊከንና ኦክስጅን ቀላል ናቸው፣ ተሳስረው የሚርገበገቡትም በፍጥነት ነው። ከባድ አተም ስታስገባ፣ ወፍራም የክራር ክር ቀስ ብሎ እንደሚርገበገበው፣ መስታወቱ ብርሃን መዋጥ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ረጅሙ ሞገድ ይሸሻል። ስለዚህ ያንተ ማሽን የሚፈልገው የጀርማኒየም ኦክሳይድ ወይም ዚብላን የሚባለው የፍሎራይድ ፋይበር ነው።

"የእጀታው ጫፍ ሲሊካ ሆኖ ይሠራ የለ?" ካልከኝ፣ አዎ፣ እሱ ርዝመቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነ የሚውጠው ትንሽ ነው። በሜትር ሲሆን ሌላ ነው።

ፍሎራይዱ ግን አደራ ይፈልጋል። ውኃ ይበላዋል፣ ስለዚህ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ እንዳታስገባው፣ ጫፉንም በውኃ ሳይሆን ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ መጥረጊያ ጥረገው። የተሰበረውን በቴሌኮም ስፕላይሰር፣ ማለትም ፋይበርን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ በሚያያይዝ ማሽን፣ ልቀጥል ብለህም አትድከም። ሲሊካ ለስልሶ ወደ ቀጭን ክር የሚሳበው 2000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው፣ ዚብላን ደግሞ 300 አካባቢ፤ የስፕላይሰሩ ብልጭታ እንደ ሰም ያፈሰዋል።

ስታዝዝ "የሌዘር ፋይበር" ብለህ ብቻ አትላክ። የሞገድ ርዝመቱን፣ የውስጡን ውፍረት፣ የአንዱን ምት ኃይል፣ የኮኔክተሩን ዓይነትና ከምን ያህል በላይ መታጠፍ እንደሌለበት ጻፍ። እስኪመጣ ድረስ ያንን ፋይበር ከማሽኑ ንቀለው። ስትሞክር ደግሞ ለ2.94 ማይክሮሜትር የተሠራ የሌዘር መከላከያ መነጽር አድርግ፣ ቀዩ ባይበራም ዋናው ጨረር ሊወጣ ይችላልና።