ወንድሜ ከፖሊስ ወጥቷል፤ ሽጉጡስ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ እዚሁ ድሬዳዋ ለዓመታት ፖሊስ ነበር። አሁን በፈቃዱ ለቋል። በገዛ ገንዘቡ የገዛው ማካሮቭ ሽጉጥ አለው፤ ያኔ ከቀበሌ የተጻፈለት ወረቀትም አለ። ካቴናውና ዩኒፎርሙም ቤት ናቸው። «ፖሊስ የነበረን ሰው ማን ይጠይቀዋል?» ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። እህቱ፣ ከሳቢያን።

መልስ፦ መፍራትዎ ልክ ነው፣ እህቴ። ወንድምዎ የሚያወራው የድሮውን ነው። ድሮ አንድ ወጥ የጦር መሣሪያ ሕግ አልነበረንም። አንዱ ከቀበሌ፣ ሌላው ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ያጽፍና ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ተቆጣጣሪው ፌዴራል ፖሊስ ሆነ፤ የግል መሣሪያ የሚይዝ ሰውም ፈቃድ ማውጣት አለበት።

የፖሊስ መታወቂያ የግል ሽጉጥ ፈቃድ አይደለም። ተቋሙ የሰጠው መሣሪያ የተቋሙ ነው፤ ሰውየው ሲወጣ ይመለሳል። በገንዘቡ የገዛው ደግሞ እንደማንኛውም ዜጋ ነው የሚያስጠይቀው።

አሁን ወረቀቱን አውጥታችሁ እዩት። ስሙን ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውን መለያ ቁጥርም አንብቡ። አንድ ደንበኛዬ ወረቀቱን ለዓመታት የደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት ኖሯል። የድሬን ሙቀት ያውቁታል፤ ላብ በልቶት ከቁጥሩ መጨረሻ 3 ይሁን 8 መለየት አቃተን። ለዚያች አንዲት ቁጥር ስንት ጊዜ ተመላለስን!

ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ድሬዳዋ ፖሊስ ኮሚሽን ሄዶ ይጠይቅ። መጀመሪያ ወረቀቱን ብቻ። ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሸጉጦ ከቤት እስከዚያ እንዳይሄድ፤ ፍተሻ ላይ ቢያዝ «ላስመዘግብ ነበር» ማለት ብዙ አያዋጣም። አምጣ ሲሉት እንዴት እንደሚያመጣውም ይነግሩታል። እስከዚያ መሸጥ የለም፣ ለአጎት ልጅ ማዋስ የለም።

የካቴናውና የዩኒፎርሙ ነገር ቀላል ነው፤ ይመልስ። ያስረከበበትን ክሊራንስም ይቀበል። ያለ ሥልጣን የፖሊስ ልብስ መልበስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ለፎቶ ነው ቢልም።

እርስዎ ደግሞ ለደህንነቱ ብለው ሽጉጡን እርስዎ ሣጥን ውስጥ እንዳይቆልፉበት። ፍተሻ ቢመጣ ቁልፉ የሚገኘው እርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው።