እናትሽን ይዘሽ ከሄድሽ ጓሮውን አስከፍቺ

እህቴ፣ «እናቴን ይዤ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰዎች ለጎብኚ የከፈቱትን የአትክልት ግቢ ማየት እፈልጋለሁ፤ መቼ ልሂድ? ችግኝስ ይሰጣሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እናቴን ይዤ ሱሉልታ በኩል አንድ ግቢ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ከሽፏል።

ነሐሴ ላይ ነበር። ክረምት ስለሆነ ሁሉም ለምልሟል ብዬ ሳልደውል ተነሳሁ። እንጦጦን እንደተሻገርን ጉም መንገዱን ዋጠው። በሩ ላይ ስንደርስ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ዘበኛው «ዛሬ ሰው አይገባም» አለን። እናቴ ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም። ስለዚህ አስቀድመሽ ደውዪ። ሰዎቹ እኮ እዚያው ነው የሚኖሩት። ለቅሶ ይኖርባቸዋል፣ እንግዳ ይመጣባቸዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እኔ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እላለሁ። ዝናቡ ቀለል ይላል፣ አፈሩ ግን እርጥበቱን አይለቅም። መስከረም ላይ ከሄድሽ አደይ አበባውም በየሜዳው ይጠብቅሻል። ህዳር ከገባ በኋላ ሱሉልታ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ለስላሳ ቅጠል ሁሉ ጠዋት የተቀቀለ ጎመን ይመስላል።

ሁለተኛው ጉዟችን መስከረም መጨረሻ ላይ ነበር። ባለቤትየዋ ከፊት ለፊት ያለውን ሳርና ጽጌረዳ አስጎበኙን። ያምራል። ግን እንዲህ ያለ ሳር ሆቴልም አለ። እናቴ ማዛጋት ጀምራለች። ኋላ አትክልተኛው «እማማ፣ ጓሮውን ላሳይዎት?» አላት። ከማድ ቤቱ ጀርባ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና ዳማከሴ ተደርድረዋል። እናቴ የኮሰረት ቅጠል ቀጠፈች፣ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችና «ቅቤ የምታነጥሩት በዚህ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! የዳማከሴ ጭማቂ ለምች የሚጠጣው ብቻውን ነው ወይስ በቡና በሚል ከአትክልተኛው ጋር ክርክር ገጠሙ። እኔ ዳር ቆሜ አዳምጣለሁ። አጥሩ ላይ የተጠመጠመ ቀጋም አሳየን። ልጅ ሆነን ፍሬውን የበላነው ያ እሾሃም ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። እናቴ ግን «ቀጋ መቼም ቀጋ ነው» ብላ ወደ ዳማከሴዋ ተመለሰች።

ችግኝ ላልሽው፣ ጠይቂ እንጂ አትቁረጪ። እኔ አፍሬ ነው የምናገረው፤ ሰው ሳያየኝ አንድ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ሰብሬ በፌስታል ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። መኪና ውስጥ በሙቀት ታፍኖ ጠቁሮ ደረሰ። አትክልተኛው ለእናቴ በግልጽ የሰጣት ግን በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ጸድቀዋል። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አራት አንጓ ያህል የያዘ ቁራጭ ነው የሚመርጠው። የታች ቅጠሉን ያራግፍና ሁለቱን አንጓ አፈር ውስጥ ይቀብራል። ሥር እስኪያወጣ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ለአትክልተኛውም የሻይ መስጠት አትርሺ፤ የመግቢያው ብር የሚገባው ለባለቤቶቹ ነው።

ሱሉልታ ከራቀሽ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም እዪው። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ የመሠረቱት የግል ቦታ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው፣ ግቢው ውስጥ አትክልት ይለማል። እናትሽ ስለ ጭቃ ቤት ብዙ የሚያወሩት አያጡም። ጉለሌ እጽዋት ማዕከልም ጥሩ ነው፣ ግን የሕዝብ ነው፤ ደግሞም ከ700 ሄክታር በላይ ስለሆነ እናትሽን ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ አልመክርሽም።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድረሱ። ፌስታሉን ተዪውና አሮጌ ጋዜጣና አንድ ካርቶን መኪና ውስጥ ጣል አድርጊ።