ዛፉ እስከ ታኅሣሥ 29 ይቆያል?

ጥያቄ፦ ልጆቼ ዘንድሮ እርሻ ድረስ ሄደን የገና ዛፋችንን ራሳችን መርጠን እንድንቆርጥ እየለመኑኝ ነው። የክፍል ጓደኞቻቸው በየዓመቱ ይሄዳሉ። እኛ ግን ገናን የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ነው፤ እስከዚያ ደርቆ ይረግፋል ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ደግሞ «አገር ቤት ዛፍ ትከሉ እየተባለ እኛ ለጌጥ እንቆርጣለን?» ይላል። ፕላስቲኩን ብንገዛ አይሻልም?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። ዛፉ ይቆያል።

አሜሪካኖቹ ታንክስጊቪንግ ከሚሉት የምስጋና በዓላቸው ማግስት ጀምረው ይቆርጣሉ። አንቺ አትቸኩዪ። የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ነው፣ የእኛ ከዚያ 13 ቀን በኋላ። ከታኅሣሥ 5 እስከ 10 ባለው ጊዜ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ዛፍ ሲያልቅባቸው ቀድመው የሚዘጉ እርሻዎች ስላሉ ግን ደውለሽ አረጋግጪ። ጾም ስለሆነ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ውጡ፤ ለልጆቹ የቀኑ ግማሽ ደስታ እሱ ነው።

ፍሬዘር ፈር የሚባለውን የዛፍ ዓይነት ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። አገሩ የደቡብ አፓላችያ ተራሮች ደጋ ነው፤ ኖርዝ ካሮላይና በብዛት ያመርተዋል። ቅጠሉ አጭርና ለስላሳ ነው፣ ገልበጥ ስታደርጊው ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ውኃ ካልተቋረጠበት ሳምንታት ሳይረግፍ ይቆያል። ቆላማ እርሻዎች ላይ ከጠፋ ካናን ፈር ወይም ዳግላስ ፈር ይሆናል። ኖርዌይ ስፕሩስ ቤት ውስጥ ቶሎ ስለሚረግፍ ለእኛ ገና አይሆንም። ዋይት ፓይን ያምራል፣ ቅርንጫፉ ግን ልል ነው፤ ከባድ ጌጥ አይሸከምም።

ምርጫውን ለልጆቹ ተዪላቸው፣ አንቺ ሜትር ያዢ። ሜዳ ላይ ሁሉም ዛፍ ትንሽ ይመስላል። ጣሪያችሁ 2.4 ሜትር ከሆነ ዛፉ ከ2 ሜትር አይለፍ፤ መቆሚያውና ኮከቡም ቦታ ይፈልጋሉ። ከመቁረጣችሁ በፊት ጎንበስ ብለሽ የግንዱን ሥር እዪ። እዚያ ከጎበጠ ቤት ገብቶ ቀጥ ብሎ አይቆምም። አባት መሬት ላይ ተኝቶ ሲገዘግዝ ልጆቹ ዛፉን ወደ ማዶ ገፋ ያድርጉለት፣ መጋዙ እንዳይያዝ። ሙጫው እጅ ላይ ከተጣበቀ የምግብ ዘይት ያስለቅቀዋል።

ቤት ስትደርሱ ከግንዱ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደገና ቁረጡ፤ ሰዓታት ካለፉ ሙጫው ስለሚደፍነው ውኃ አይስብም። ግንዱ መቆሚያው ውስጥ አልገባ ካለ ልጣጩን አትላጡ፣ ውኃው ወደ ላይ የሚወጣው ከልጣጩ ሥር ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በቀን እስከ 4 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። የቧንቧ ውኃ ይበቃዋል፣ ስኳር ምናምን አያስፈልገውም። ከሂተር አርቁት፣ ሻማም አታስጠጉበት። ስትነኪው የሚረግፍ ከሆነ ገና ባይደርስም ይውጣ። የደረቀ ዛፍ እንደ ጧፍ ነው የሚነደው።

የባለቤትሽ ነገር ልቤን ነክቶታል። አገር ቤት ለበዓል ብሎ ከየመንገዱ ጥድ ላይ ቅርንጫፍ የሚገነጥል ሰው እኔንም ያበሳጨኛል። ይሄኛው ግን ለመቆረጥ የተተከለ ሰብል ነው። ገበሬው ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሳድገዋል፣ በተቆረጠው ፋንታ ችግኝ ይተክላል፣ የሚተዳደረውም በእሱ ነው። ፕላስቲኩ ብዙ ዓመት ከተጠቀማችሁበት አይከፋም። ልጆችሽ የጠየቁሽ ግን ከአባትና ከእናታቸው ጋር አንድ ቀን ውጭ መዋልን ነው፤ እሱ ደግሞ ከሱቅ አይገዛም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ጠይቂ። ብዙ ከተሞች የተጣሉ ዛፎችን በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንታት ሰብስበው ይፈጩና ለአፈር ማልበሻ ያደርጓቸዋል። የእኛ በዓል ዘግይቶ ስለሚውል የሰፈራችሁ የመጨረሻ ቀን እንዳያመልጣችሁ። ስታወጡት ጌጡን፣ መብራቱንና መቆሚያውን አውልቁለት።