የመኪናዬን ሪማፕ ማን ይሥራልኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ2015 ሞዴል ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ አለኝ፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር ቱርቦ ነው። ሪማፕ (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ማለትም «ማፕ» መቀየር) ለማሠራት ሦስት ባለሙያዎችን በስልክ አነጋገርኩ። አንዱ 215፣ ሌላው 240 ፈረስ ጉልበት እንደሚያደርሱልኝ ነገሩኝ። ሦስተኛው ግን ስለ መኪናው ብዙ ሲጠይቀኝ ቆይቶ «ሎግ (መኪናው ሲነዳ ከሞተሩ ኮምፒውተር የሚቀዳ መረጃ) ሳላይ ቁጥር አልሰጥህም» አለኝ። ለየትኛው ልስጥ?

መልስ፦ ለሦስተኛው። ቁጥር አለመናገሩ ብቻውን ብቃቱን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ከሦስቱ ስለ እርስዎ መኪና ያሰበው እሱ ነው። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 182 ፈረስ ጉልበትና 240 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) አለው፤ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ደግሞ ለጥቂት ሰከንዶች 290 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። በፋብሪካው ቱርቦ 215 አካባቢ መድረስ የተለመደ ነው። 240 ለመድረስ ግን ቢያንስ ትልቅ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር)፣ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚንና እንከን የሌለው ሞተር ያስፈልጋል። ሰውየው ስለ እነዚህ አንዱንም ሳይጠይቅ ቁጥር ከሰጠዎት፣ ሊጭንልዎት ያሰበው በሌላ መኪና ላይ የተሠራ ፋይል ነው ማለት ነው።

ዝግጁ ፋይል ሁሉ መጥፎ አይደለም። በአንድ ዓይነት ሞተርና ኢሲዩ (የሞተሩ ኮምፒውተር) ላይ ደጋግሞ ተሞክሮ የተስተካከለ ፋይል በችኮላ ከተሠራ «የብቻዎ» ፋይል ይሻላል። ዋናው ነገር ፋይሉ ከተጫነ በኋላ ሎግ ወስዶ፣ መኪናው ያልወደደውን ነገር አይቶ የሚያርም ሰው መኖሩ ነው።

የባለሙያዎቹ ልዩነት የሚታየው ኢሲዩው ውስጥ በሚነኩት ነገር ነው። በዘመናዊ ቱርቦ ሞተር ላይ ፔዳሉን ሲረግጡ የሚያዝዙት ቶርክ ነው። ኢሲዩው ያን ትእዛዝ ወደ ቱርቦ ግፊት፣ ወደ ነዳጅ መጠንና ወደ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ይለውጠዋል፤ በመንገዱ ላይም ካምቢዮን፣ ካታላይዘርን (የጭስ ማጣሪያውን) እና ቱርቦን የሚጠብቁ ገደቦች አሉ። ጥሩ ባለሙያ እነዚህን ሠንጠረዦች እርስ በርስ እንዲስማሙ አድርጎ ያስተካክላል። ደካማው የግፊቱን ዒላማ ብቻ ከፍ ያደርግና የቀሩትን ገደቦች እስከ ጣራ ከፍቶ ይለቃቸዋል። ሁለቱም መኪኖች ከጋራዥ ሲወጡ እኩል ይፈጥናሉ። ልዩነቱ የሚታየው ኢንተርኩለሩ ሲሞቅ፣ ወይም አንድ ቀን ደካማ ቤንዚን ሲቀዳ ነው፤ በሁለተኛው መኪና ላይ ሞተሩን የሚጠብቅለት ነገር የለም።

ስለዚህ ሲያነጋግሩት በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህ ይሁን፦ በደቂቃ ከ2500 ዙር በታች ስንት ኒውተን ሜትር ትሰጠኛለህ? ነዳጅ ቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭባቸው ትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች ክፉኛ የሚጎዱት በላይኛው ዙር ብቻ አይደለም። በዝቅተኛ ዙር ቱርቦው ሙሉ ግፊት ሲሰጥ፣ ካንዴላው እሳት ሳይሰጥ ነዳጁ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ሲሆን ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ ግፊቱ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚቀመጥበት የፒስተን ጠርዝ ይሰበራል ወይም ፒስተኑን የያዘው ዘንግ (ቢየላ) ይጎብጣል። አንድ ጊዜ መከሰቱ ብቻ ሊበቃ ይችላል። የገባው ባለሙያ ቶርኩን ከታች ቀስ እያለ እንዲወጣ አድርጎ ከ3000 ዙር በኋላ ይለቀዋል። «ከ2000 ዙር ጀምሮ ጀርባህን መቀመጫው ላይ ያጣብቅሃል» ብሎ የሚያስጎመጅዎትን ሰው አመስግነው ይለፉት።

ቀጥሎ ስለ ላምዳ (የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መለኪያ፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው) እና ስለ ሙቀት ይጠይቁ። ሙሉ ፔዳል ላይ እንዲህ ያሉ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.80 እስከ 0.88 ላምዳ ይፈልጋሉ፤ የሚተርፈው ነዳጅ የጭሱን ሙቀት ያወርዳል። የዳይኖ (የመኪና ኃይል መለኪያ ማሽን) ቁጥር ለማሳመር ድብልቁን የሚያሳሳ ሰው ካታላይዘሩንና የቱርቦውን ተርባይን ለሙቀት አሳልፎ ይሰጣል። የኖኪንግ (ድብልቁ ያለአግባብ ሲቀጣጠል የሚፈጠር ምት) ሴንሰሩ ጥበቃ እንዳለ ይቀራል ወይስ ተዳክሟል? ዋናው የፋብሪካ ፋይል ይቀመጥልኛል? ከተጫነ በኋላ ችግር ቢታይ እርማቱ በክፍያው ውስጥ አለ? እነዚህንም ያንሱ። መልሶቹን በጽሑፍ ቢቀበሉ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ሪማፕ ካሠራሁ በኋላ የተሰጠኝ የዳይኖ ወረቀት 60 ፈረስ ጉልበት ጨምሯል ይላል። መኪናው ግን ያን ያህል አልተለወጠብኝም። ወረቀቱን እንዴት ላምን?

መልስ፦ ካልኩሌተር ያውጡ። በወረቀቱ ላይ አንድ ዙር ይምረጡና በዚያ ዙር ያለውን ኒውተን ሜትር በዙሩ አባዝተው ለ7024 ያካፍሉ፤ የሚወጣው ሜትሪክ ፈረስ ጉልበት ነው። ለምሳሌ በ5500 ዙር 300 ኒውተን ሜትር ካለ፣ ፈረስ ጉልበቱ 235 መሆን አለበት። ወረቀቱ በዚያው ዙር 250 ካለ ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ትክክል አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ኃይሉ የሞተር፣ ቶርኩ የጎማ ሆኖ ስለሚታተም መጀመሪያ ይህን ያጣሩ።

ሁለቱ መስመሮች ቢስማሙም ሁለተኛ ማጣሪያ አለ። «በፊት» እና «በኋላ» የተለኩት በአንድ ቀን፣ በአንድ ማርሽ፣ በእኩል የጎማ ንፋስና በአንድ ማስተካከያ ቀመር ነው ወይ? ወረቀቱ ላይ የአየሩ ሙቀትና ግፊት ተጽፎ መገኘት አለበት። የአየር ማስተካከያው ቁጥር ለቱርቦ ሞተር በተለይ ያሳስታል። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው የበለጠ እየዞረ አብዛኛውን ጉድለት ራሱ ይሞላዋል። ቱርቦ ለሌለው ሞተር የታሰበ ቀመር ደግሞ የተሞላውን ጉድለት እንደገና ይደምርበታል፤ ቁጥሩም ያብጣል። ለዚህ ነው «በፊት» ሳይለካ «በኋላ» ብቻ የያዘ ወረቀት ምንም የማይነግረን።

ጥያቄ፦ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት 1.4 ቱርቦ፣ 110,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ነው። ከሪማፕ በፊት ምን ላድርግለት?

መልስ፦ ያረጀ ዕቃ ላይ ሪማፕ አይጫንም። ካንዴላዎቹን ይቀይሩ፤ ባለሙያው ከተስማማ በሙቀት ደረጃ አንድ ቀዝቃዛ የሆነውን ይግዙ። ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፤ የቱርቦ ግፊት ሲጨምር ሰፊ ክፍተት ላይ ብልጭታው ይጠፋል፣ መኪናውም በላይኛው ዙር ይንገጫገጫል። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው ማፑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካንዴላ ወይም የደከመ ቦቢና ነው።

ኮምፕሬሽን ያስለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ ፔዳሉ ተረግጦ ይለካል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ሪማፑን ይተዉትና ወደ መካኒክ ይሂዱ። በዲያግኖስቲክ መሣሪያ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር ይዩ፤ የረጅም ጊዜው ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ የሚያፈስ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ ሴንሰር ወይም የደከመ ኢንጀክተር አለ።

ዘይቱን አምራቹ በሚለው ውፍረት፣ ኤፒአይ ኤስፒ የሚል ምልክት ባለው ይቀይሩ። ይህ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሲሆን ለመጀመሪያው አንባቢያችን የነገርናቸውን ያለጊዜው መቀጣጠል ለመቀነስ ተብሎ የሚደረግ ፍተሻም አለው። መቀየሪያውን ጊዜም ያሳጥሩት።

ፍሪሲዮኑን ደግሞ ራስዎ ይፈትኑት። ባዶ በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በአራተኛ ማርሽ ከ2500 ዙር ጀምሮ ፔዳሉን ሙሉ ይርገጡ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ተጨማሪ ቶርክ ከቀናት በኋላ ይጨርሰዋል።

ፋይሉ በሚጫንበት ሰዓት ባትሪው ላይ ቮልቴጁን የማያዋዥቅ፣ ቢያንስ 30 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ መያያዝ አለበት፤ ተራ ቻርጀር አይበቃም። መብራቱ፣ ሬዲዮውና ኤሲው ይጥፉ። ጭነቱ መሀል ላይ ቮልቴጁ ወርዶ ከተቋረጠ ኢሲዩው ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ተፈትቶ በጠረጴዛ ላይ መታከም ይኖርበታል። ላፕቶፕ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ሥራውን እንዲጀምር አይፍቀዱለት።

ጥያቄ፦ ፖሎ ጂቲአይ 1.4፣ ባለ 7 ማርሽ ዲኤስጂ (ሁለት ፍሪሲዮን ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ነው። ከሪማፕ ይልቅ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሳጥን ይሻላል ብለውኛል፤ ዋስትናም አይነካም ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይሻልም። ሳጥኑ የግፊት ሴንሰሩን ምልክት ዝቅ አድርጎ ለኢሲዩው ይነግረዋል፤ ኢሲዩውም ግፊት የጎደለ መስሎት ይጨምራል። ታይሚንጉ ግን የሚሰላው ከእውነተኛው ባነሰ አየር ነው፤ ስለዚህ ኖኪንግ ከተፈጠረ በኋላ ነው የሚታረመው። ዋስትናውም ቢሆን የተበላሸው ዕቃ ሲመረመር ጭነቱ መብዛቱ ይታወቃል።

የእርስዎ ትልቁ ጥያቄ ግን ካምቢዮው ነው። ይህ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ዲኤስጂ አምራቹ የሰጠው ገደብ 250 ኒውተን ሜትር ነው፤ ሞተርዎ ደግሞ ከፋብሪካ 250 ይሰጣል። ስለዚህ ቶርኩን ባለበት አቁሞ፣ ከ5000 ዙር በኋላ የቶርኩ መስመር ቶሎ እንዳይወርድ የሚያደርግ ማፕ ይጠይቁ። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ካምቢዮው ግን ይቆያል። ለዚህ መኪና ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ የሚያቀርብልዎት ሰው የካምቢዮውን ወጪ እንዲያስቡበት አልነገረዎትም።

ጥያቄ፦ ባለሙያው «ሎግ ላክልኝ» አለኝ። ምን ልቅዳ? እኔስ ከሎጉ ምን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ሞተሩና ዘይቱ በደንብ ከሞቁ በኋላ፣ በተዘጋ ወይም ፍጥነት በተፈቀደበት ቦታ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ2000 እስከ 6500 ዙር ሙሉ ፔዳል ይርገጡ። ይቅዱ፦ ዙር፣ የተጠየቀና የተገኘ ግፊት፣ ታይሚንግ፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር የተቀነሰ ታይሚንግ፣ ላምዳ፣ የነዳጅ ሬይል (ነዳጅ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት፣ የሚገባው አየር ሙቀት፣ የዌስትጌት (የቱርቦውን ግፊት የሚቆጣጠር በር) መቶኛ። ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ከጠየቁ ንባቡ ይዘገያልና ከፋፍለው ሁለት ጊዜ ይቅዱት።

መጀመሪያ የሚያዩት የተቀነሰው ታይሚንግ ነው። አልፎ አልፎ 1 ወይም 2 ዲግሪ መቀነስ የሴንሰሩ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በአንዱ ሲሊንደር በተመሳሳይ ዙር በተደጋጋሚ ከ4 ዲግሪ በላይ ከቀነሰ ግን ሙሉ ፔዳል መርገጥ ያቁሙና ፋይሉን ይላኩ። ሁሉም ሲሊንደሮች እኩል ከቀነሱ ነዳጁን ወይም የአየሩን ሙቀት ይጠርጥሩ፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ካንዴላውን ወይም ኢንጀክተሩን። የተጠየቀው የሬይል ግፊት ባለበት እያለ የተገኘው እየወረደ ከሄደ ፓምፑ አቅሙን ጨርሷል። ዌስትጌቱ 95 በመቶ ላይ ተጣብቆ ግፊቱ ካልደረሰ ወይ ቱርቦው አልቋል፣ ወይ ቱቦ ያፈሳል። ይህን ሎግ ልከውለት «ምንም የለም» የሚል አንድ መስመር ብቻ የሚመልስ ባለሙያ አላነበበውም፤ የትኛው ዙር ላይ ምን እንዳየና በአዲሱ ፋይል ምን እንደለወጠ ይንገርዎት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቱርቦ የለውም፤ 1.6 ሊትር ነው። ሪማፕ ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ኃይሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጨምር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚገቡልዎትን ቃል አይቀበሉ። የፔዳሉ ምላሽ ግን ይሻሻላል። በዚያው ገንዘብ ጥሩ ጎማና ፍሬን ቢያስገቡ መኪናው የበለጠ ይፈጥናል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ የመኪናው አስመጪ ድርጅት ለሰርቪስ ሲቀበለው ሪማፑን ያውቃል?

መልስ፦ ሊያውቅ ይችላል። ብዙ ኢሲዩዎች ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸው ይቆጥራሉ፤ ዋናውን ፋይል መልሶ መጫን ቆጠራውን አይሰርዝም። በተጨማሪም ድርጅቱ ሶፍትዌሩን ካደሰ ማፕዎ ይጠፋል። ስለዚህ መኪናውን ሲያስረክቡ «ያለ እኔ ፈቃድ የኢሲዩ ሶፍትዌር አይታደስ» ብለው በሥራ ትእዛዙ ላይ ያስጽፉ፤ ለኢንሹራንስ ድርጅትዎም ሪማፕ መሠራቱን አስቀድመው በደብዳቤ ያሳውቁ።