«ባለሦስት አፈሙዝ» ወይስ «ባለሦስት በርሜል»?

ጥያቄ፦ የድሮ አደን መሣሪያዎች የጨረታ ዝርዝር ከጀርመንኛ ስመልስ «ድሪሊንግ»ን «ባለሦስት አፈሙዝ»፣ «ቡክስፍሊንተ»ን «ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ» ብያቸዋለሁ። ጓደኛዬ «በርሜል በል» ይለኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ከስሙ በፊት ቁጥሩ ያሳስበኛል። ጀርመኖች ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለውን «ቡክሰ»፣ ልሙጡን «ፍሊንተ» ይሉታል። «ባለሁለት አፈሙዝ» ብለው ካቆሙ አንባቢው ሁለቱም ልሙጥ ይሁኑ፣ ሁለቱም ባለቦይ በምን ይለያል? ቡክስፍሊንተ አንድ ባለቦይና አንድ ልሙጥ ጎን ለጎን የተጣመሩበት ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ከተደረበ «ቦክቡክስፍሊንተ» ይሆናል። ድሪሊንግም አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሁለት ልሙጥ፣ ከሥር አንድ ባለቦይ አለው። ሁለቱ ባለቦይ፣ አንዱ ልሙጥ ከሆነ ግን ስሙ «ዶፔልቡክስድሪሊንግ» ነው።

ወደ አፈሙዝ ልመለስ። «አፈ» የ«አፍ» ዘርፍ ያዥ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የሚጠራው ጥይት የሚወጣበትን ጫፍ ነው። ጥይት የሚጎርሰው በሌላው በኩል ነው፤ አደጋው ያለውም እዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ የጀርመን 16 ጌጅ ጠመንጃዎች (ጌጅ የልሙጥ ቱቦ የውስጥ ስፋት መለኪያ ነው) ማጉረሻቸው 65 ሚሊሜትር ነው። የዛሬው 70 ሚሊሜትር ጥይት ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የቀለሁ አፍ የሚዘረጋው ማጉረሻው በሚጠብበት ቦታ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ይጨምራል። ይህን «የአፈሙዝ ርዝመት 65» ብሎ የተረጎመ ገዢውን አሳሳተ። ከጥይት ስም ፊደልም አይጣሉ፦ «8×57 ኢአር» የተባለው ጥይት 8.08 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው እርሳስ ይወስዳል፣ «8×57 ኢአርኤስ» 8.2።

«በርሜል»ን ጆሮዬ አይቀበለውም። ከዐረብኛው «በርሚል» የመጣ፣ ውኃና ናፍጣ የሚጠራቀምበት ዕቃ ስም ነው። «ጀርመኖችስ ቆርቆሮውንም ጠመንጃውንም ቡክሰ ይሉ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ቃሉ በላቲን በኩል ከግሪኩ «ፒክሲስ»፣ ከትንሽ ባለክዳን ሣጥን የወረደ ነው፤ «ፍሊንተ»ም የባልጩት ስም ነው። መልስ የለኝም፤ ቢሆንም አልጽፈውም። ወታደሩም ጋዜጣውም «አፈሙዝ»ን ለመላው ቱቦ ማዋል ከጀመሩ ስለቆዩ፣ ቆጠራ ላይ ሳልወድ እቀበለዋለሁ። ርዝመት ሲለኩ ግን «ቱቦ»፣ ጥይት መግቢያውን «ማጉረሻ» ይበሉ። «ድሪሊንግ»ም እንዳለ ይቆይ፤ «ምንሽር»ና «ውጅግራ» ከባዕድ መጥተው የእኛ ሆነዋል። ዝርዝርዎ እንዲህ ቢነበብ ደስ ይለኛል፦ «ድሪሊንግ፤ ከላይ ሁለት ልሙጥ፣ 16 ጌጅ፣ ማጉረሻ 65 ሚሜ፤ ከሥር ባለቦይ፣ 9.3×72 አር»።