ቁጥቋጦው ውስጥ ስንት ወፍ አለ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሐዋሳ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ ቅጂ ላከችልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይቺ ሁለት ዓይነት ድምፅ የምታወጣው ወፍ ማን ትባላለች? ወፍ በድምፁ የሚለየው የስልኬ አፕ አንዴ አንድ ስም፣ አንዴ ሌላ ስም ይሰጠኛል» ብላ ጽፋለች። ቅጂዋ አጭር ናት። ከኋላ ባጃጅ ያልፋል። ከሩቅ ቅዳሴ ይሰማል። ዋነስም ታንጎራጉራለች። ከፊት ግን ጥርት ያለ ፉጨት አለ፤ ፉጨቱን እግር በእግር የሚከተል ሻካራ ድምፅም አለ።

ስሙን ጽፌላት መገላገል እችል ነበር። ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ማለዳ ተነስታችሁ ወፍ ለምትሰሙ ሁሉ፣ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በድምፅ ቴክኒሻንነት ነው። በደርግ ጊዜ እሠራበት የነበረው ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ፕሮግራም እንድንሠራ ላከን። ጋዜጠኛው፣ ሾፌሩና እኔ ነበርን። ትከሻዬ ላይ ኡኸር የሚባል የጀርመን መቅረጫ አንጠልጥያለሁ። ባለ ሪል፣ ማለትም በትልቅ የቴፕ ጥቅል የሚሠራ ነው፤ ሲውል ሲያድር ትከሻ ይቆርጣል። አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሊያወጡ ገብተው ስለነበር፣ እስኪመለሱ አሞራ ገደል ዳር ቆመን ጠበቅን። ገና 11 ሰዓት ተኩል አልሆነም። ነፋስ የለም። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነው የሚናወጠው፤ ማለዳ ላይ ዝም ይላል።

ሾፌራችን የመኪናውን ወንበር አስተኝቶ አንቀላፋ። እሱን ሳነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይሄ ሰው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ፣ በር ላይ የሚያልፈውን መኪና በሞተሩ ድምፅ ብቻ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል። የትኛው ላንድሮቨር ዘይት እንደሚበላ ሳይቀር ያውቃል። ማንም አላስተማረውም። አብሯቸው ስለኖረ ነው። ለወፍም የሚያስፈልገው ጆሮ ይኸው ነው፤ ልዩ ተሰጥኦ የሚባለውን ብዙም አላምንበትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሐይቁን ድምፅ ለማጀቢያ መቅዳት ጀመርኩ። ከውኃው ዳር ካለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ያ ድምፅ መጣ። ፉጨት፣ ፉጨት፣ ከዚያ ሻካራው። ደግሞ ፉጨት፣ ደግሞ ሻካራው። እኔም እንደዚች ልጅ አንዲት ወፍ ናት አልኩ። ነገር ግን ማይኩን ትንሽ ወደ ግራ ሳዞረው ፉጨቱ ጎላ፣ ሻካራው ራቀ። ወደ ቀኝ ስመልሰው ሻካራው ቀረበ። እጄን ቀስ እያደረግኩ ደጋገምኩት። ድምፆቹ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጡት! ቦታ ሳይለቁ፣ ግራና ቀኝ ቆመው ዜማ እንደሚቀባበሉ ደባትር፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይቀበላል።

ማረጋገጥ ፈለግኩ። በሰከንድ በ19 ሴንቲሜትር የቀዳሁትን ቴፕ በ9.5 አጫወትኩት። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። ፉጨቱ ገና ሳያልቅ ሻካራው ሲገባበት ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ጋዜጠኛውን ጠርቼ አሰማሁት። እሱ እንኳ፣ ለወፍ ግድ የሌለው ሰው፣ «እስቲ ድገመው» አለኝ። ሰማዩ ሲገልጥ ሁለቱም ተከታትለው ከቁጥቋጦው ወጡ። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ሰረዝ። ወንድና ሴቷን በመልክ መለየት አይቻልም።

በወፍ መጻሕፍት ኢትዮጵያን ቡቡ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ላኒያሪየስ ኤቲዮፒከስ ነው። ሁለት ሆነው የሚዘምሩት ክልላቸውን ለማስከበርና እርስ በርስ ላለመጠፋፋት ነው፤ ቅጠል ውስጥ ተደብቀው ስለሚውሉ አይተያዩም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዊልያም ቶርፕ የዚሁ ወገን የምሥራቅ አፍሪካ ወፎችን ቅብብል ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1963 አሳትሟል። አንዱ ለሌላው የሚመልሰው በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ነው። እኔ ይህን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቁጭቴ እዚህ ጋ ነው። ቴፑ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን በድምፄ ተናግሬበት ነበር። ፕሮግራሙ ተላለፈ። ያኔ ቴፕ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ብርቅ ነገር ስለነበር፣ የተላለፈ ሁሉ ተጠርጎ እንደገና ይሠራበታል። ይቺን ሪል ተዉልኝ ብዬ አለቃዬን ለመንኩ። «ለወፍ ጩኸት ቴፕ የለንም» አለኝ። ሪሉ ማጥፊያው ማግኔት ላይ ተቀመጠ፣ አለቀ። በማግስቱ የስብሰባ ንግግር ተቀዳበት። ያ ቁጥቋጦ ዛሬ የለም። ወፎቹ ሐዋሳን አልለቀቁም፤ ግቢ ውስጥም ይሰማሉ። የዚያ ንጋት ድምፅ ግን፣ ባጃጅ ያልነበረበት፣ ድምፅ ማጉያ ያልነበረበት፣ የትም አይገኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ ከኔ ኡኸር የቀለለ መቅረጫ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። እቀናባችኋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስልኩን ታወጣላችሁ፣ አፑ ስም ይሰጣችኋል፣ ትሄዳላችሁ። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም የመረረው ትውልድ ነው። መጀመሪያ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። ድምፁ ከየት ከየት እንደሚመጣ ጆሯችሁ ይለይ። አንድ ነው ሁለት? ከመሬት ነው ከዛፍ ጫፍ? በለሆሳስ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል ወይስ እኩል ነው? ለምሳሌ ቅንድቧ ነጭ፣ ሆዷ ብርቱካናማ የሆነች ሮቢን-ቻት የምትባል ወፍ አለች። ሳይነጋ በለሆሳስ ትጀምርና ያንኑ ሐረግ እየደጋገመች፣ እየጨመረች ትሄዳለች። አንዴ ከለያችኋት አትረሷትም። የእሷ ዘመድ የሆነችው የሩፔል ሮቢን-ቻት ግን የሌላ ወፍ ድምፅ አስመስላ ትዘምራለች። ስለዚህ በጆሮ ብቻ አትማሉ፣ ንጋቱን ጠብቁና እዩ።

የወፍ ድምፅ እያጫወታችሁ ወፉን የምትጠሩትንም አልወደውም። ክልሉን የወረረበት ያለ እየመሰለው መብላቱን ትቶ ሲሟገት ያረፍዳል።

አፑን ጣሉት እያልኩ አይደለም። እኔም ስልኬ ላይ አለኝ፣ ደስ እያለኝ እጠቀምበታለሁ። ሁለት ወፍ አንዱ በሌላው ላይ ሲዘምር ግን ይምታታበታል። ልጅቷንም ያደናገራት ይኸው ነው። አንቺ ልጅ፣ ነገ ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ። አንቺ ከቁጥቋጦው በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው ወገን ቁሙ። ሁለታችሁም ቅዱ፣ ከዚያ ቅጂዎቹን አስተያዩ።

ቅጂው መጨረሻ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ተናገሩበት። «ሐዋሳ» ብቻ አይበቃም፤ የቱ ሰፈር፣ የቱ ዛፍ ሥር እንደሆነ ተናገሩ። ዜኖ-ካንቶ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ፣ ከመላው ዓለም የወፍ ድምፅ የሚሰበሰብበት ድረ-ገጽ አለ፤ እዚያ ጫኑት፣ በነፃ ነው። ስልካችሁ ሞላሁ ሲላችሁም የሠርጉን ቪዲዮ አጥፉ እንጂ ይሄን አትንኩት።