ቡትሎደር ላይ ኢሬዝ፣ ራይትና ቬሪፋይ መጨመር፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ ፍላሽ ጋር

ጋሽ ፍላሽ፦ እሺ ጀምሩ። ቺፓችን ብሉ ፒል የምትባለው ትንሽ ቦርድ ላይ ያለው ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 ነው፣ ፍላሹ (መብራት ቢጠፋም ፕሮግራሙን የሚይዘው ሜሞሪ) 64 ኪሎባይት፣ አንዱ ገጽ 1 ኪሎባይት። ቡትሎደሩ (ቦርዱ ሲነሳ ቀድሞ የሚሰራው ትንሽ ፕሮግራም) የመጀመሪያውን 8 ኪሎባይት ይዟል፣ እስካሁን ማንበብና ወደ አፕሊኬሽኑ፣ ማለትም ወደ ዋናው ፕሮግራም፣ መዝለል ብቻ ነበር የሚችለው። አሁን ማጥፋት (ኢሬዝ)፣ መጻፍ (ራይት) እና ማረጋገጥ (ቬሪፋይ) እንጨምርበታለን። ከሁሉም በፊት፣ ከፒሲ የሚመጣው አድራሻ የቡትሎደሩ ክልል ውስጥ ከገባ እምቢ ይበል።

ናቲ፦ ጋሼ ራይት አድርጌ ሳነበው የድሮው ዳታ ነው የሚመጣው፣ የፍላሹን መክፈቻ ሁለቱንም ቁልፍ ቁጥር ጽፌ ከፍቻለሁ

ጋሽ ፍላሽ፦ ኢሬዝ ሳታደርግ ነዋ። እዚህ ቺፕ ላይ ቦታው ሁሉም ቢት 1 ካልሆነ አይጽፍልህም፣ ስታተስ ሬጅስተሩ (የፍላሹን ሁኔታ የሚያሳየው ቦታ) ላይ ኤረር ያነሳና ዝም ይላል። 16ቱም ቢት ዜሮ የሆነ ቁጥር ብቻ ነው የትም የሚጻፈው። ደግሞ 16 ቢት 16 ቢት እያልክ ጻፍ፣ በባይት አይሆንም።

ሰሚ፦ እኔ ጋ አይሰራም

ጋሽ ፍላሽ፦ ምኑ?

ሰሚ፦ ሁሉም

ጋሽ ፍላሽ፦ እንግዲህ ሁሉንም አስተካክል። ስታተስ ሬጅስተሩን አንብበህ ቁጥሩን ይዘህ ና።

ቤዛ፦ በሰከንድ በ115200 ቢት ፍጥነት ፋይል ወደ ቦርዱ ስልክ መሃል መሃል ላይ ባይት ይጎድላል፣ ኬብል ሁሉ ቀይሬ አየሁ

ጋሽ ፍላሽ፦ ኬብሉን ተይው እህቴ። አንድ ገጽ ለማጥፋት ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ኮድሽ እዛው ፍላሽ ላይ ስለሆነ ሲፒዩው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል፣ በዚህ ፍጥነት ደግሞ በየ87 ማይክሮሰከንዱ አንድ ባይት ይመጣል፣ ዩአርቱ (ከፒሲ የሚመጣውን ባይት የሚቀበለው የቺፑ ክፍል) የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሌላው ይፈሳል። ሙሉ ገጹን ራም (ጊዜያዊው ሜሞሪ) ላይ ተቀበዪ፣ አጥፊ፣ ጻፊ፣ ከዛ ብቻ ፒሲውን «ቀጥል» በይው።

ሬድዋን፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ኤስቲሊንክ (ቺፑ ላይ በቀጥታ ተሰክቶ ፕሮግራም የሚጭን መሣሪያ) ሰክቶ መጫን አይቀልም?

ናቲ፦ ታሽጎ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ቦርድ ላይ በምን ትሰካለህ

ሬድዋን፦ መሰላል የለህም እንዴ ሃሃ። ለማንኛውም በሃል (የቺፑ አምራች ባዘጋጀው የኮድ ላይብረሪ) ብትጽፉት ሁለት መስመር ነው

ናቲ፦ ሃል ቦታ ይበላል፣ 8 ኪሎባይት እኮ ነው ያለን

ጋሽ ፍላሽ፦ የሃልና የሬጅስተር ጭቅጭቃችሁን ውጭ ጨርሱት።

ዮኒ፦ አፕዴት መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ጋሽ ፍላሽ፦ ተባረክ፣ ይሄን ስጠብቅ ነበር። የአፕሊኬሽኑ የመጀመሪያ 4 ባይት የስታክ (ፕሮግራሙ ራም ላይ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) አድራሻ ነው፣ ቀጣዩ 4 ደግሞ የሪሴት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጀምርበት። አፕዴት ሲጀመር ቀድሞ የሚጠፋው ይሄ የመጀመሪያው ገጽ ይሁን። ከዛ ሌላውን በሙሉ ጻፍ፣ እነዚህን 8 ባይቶች ግን ራም ላይ ያዛቸው፣ ሲአርሲው (ዳታው ሳይበላሽ መጻፉን የሚያረጋግጠው ቁጥር) ሲገጥም ብቻ መጨረሻ ላይ ጻፋቸው፣ ከነሱም የስታኩ አድራሻ ላይኛው 16 ቢት የመጨረሻው ይሁን። መብራቱ መሃል ላይ ቢሄድ ቦርዱ ሲነሳ የስታኩ አድራሻ ራም ክልል ውስጥ አይሆንም፣ ስለዚህ አይዘልም፣ ቡትሎደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ፋይል ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጎ ይጽፍና ግማሽ ፕሮግራም ይዞ የሚነሳ ቦርድ ለደንበኛ ያስረክባል፣ ከዛ «ቺፑ ፎርጅድ ነው» ይላል።

ሰሚ፦ ቡትሎደሩን ራሱን በዚሁ ራይት አፕዴት ማድረግ ይቻላል?

ጋሽ ፍላሽ፦ ከላይ ምን አልኩ? አትንኩት! እንዲያውም በኦፕሽን ባይት (የቺፑ መቆለፊያ ቅንብሮች የሚቀመጡበት ቦታ) ቆልፉት፣ አንዱ ቢት 4 ገጽ ይሸፍናል፣ ለኛ 2 ቢት ይበቃል። ኦፕሽን ባይት ስታጠፉ ግን የንባብ መቆለፊያውም አብሮ ይጠፋል፣ ኤ5 የሚለውን ቁጥር መልሳችሁ ካልጻፋችሁበት በሚቀጥለው ሪሴት ቺፑ ለንባብ ይዘጋል፣ ስትከፍቱት ደግሞ ፍላሹ በሙሉ ይጠረጋል።

ሬድዋን፦ ኢንክሪፕሽንስ?

ጋሽ ፍላሽ፦ እሱን ሌላ ሰው ይመልስልህ።

ቤዛ፦ ገጽ በገጽ አድርጌው ሰራ!! መሃል ላይ ፓወር ነቅዬም ሞከርኩ፣ ሲነሳ ቡትሎደር ውስጥ ነው

ጋሽ ፍላሽ፦ ጎበዝ። አሁን ደግሞ ልክ ኢሬዝ ላይ እያለ ንቀይው።

አቤል፦ ሰላም ጋሼ አሁን ነው የገባሁት፣ ከራይት በፊት ኢሬዝ ግድ ነው?

ጋሽ ፍላሽ፦ የናቲን አንብብ።